ሊነክስ ዴስክቶፕ ላይ ድምፅ ሲጠፋ

ሊነክስ የተጫነበት ዴስክቶፕ ድምፅ አልሰጥ ሲል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ሲስተሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ድምፁ ከፕሮግራሙ ተነስቶ ጆሮ እስኪደርስ የሚያልፍባቸው በሮች ጥቂት ናቸው፦ ራሱ ፕሮግራሙ፣ የፕሮግራሞችን ድምፅ ተቀብሎ ወደ መውጫው የሚልከው የድምፅ ሰርቨር (ፓይፕዋየር ወይም ፐልስኦዲዮ)፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ያለው የድምፅ ድራይቨሮች ክፍል፣ አልሳ፣ የድምፅ ቺፑ፣ መሰኪያው፣ መጨረሻ ላይ ስፒከሩ። የተዘጋው የትኛው በር እንደሆነ ከታወቀ ጥገናው ብዙ ጊዜ አንድ ጠቅታ ነው።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ አድርገን ጽፈናቸዋል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚተየብበት መስኮት) ላይ ሲተይቧቸው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይጻፏቸው፤ «ሰረዝ» ያልንበት ቦታ የመቀነስ ምልክት ይገባል፤ በፊደል ስማቸው የዘረዘርናቸው ደግሞ ሳይራራቁ ይያያዛሉ። ተርሚናሉ ኡቡንቱ እና ሚንት በሚባሉት የሊነክስ ዓይነቶች ላይ ኮንትሮል፣ አልት እና ቲ አንድ ላይ ሲጫኑ ይከፈታል።

ቅድሚያ ለገመዱ

ከዴስክቶፑ ጀርባ ካሉት ክብ ቀዳዳዎች የስፒከሩ ቦታ አረንጓዴው ነው። ሮዙ የማይክ ነው፤ ሰማያዊው ከሌላ መሣሪያ ድምፅ ማስገቢያ ነው። ጠረጴዛ ሥር በጨለማ ሲሰካ መሳሳት ቀላል ስለሆነ በባትሪ አብርተው ይዩት። ከዚያ ስፒከሩን ነቅለው ስልክ ላይ ይሰኩት፤ እዚያም ዝም ካለ ሊነክሱን ይተዉት፣ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው።

ድምፁ የሚጠበቀው ከስክሪኑ ከሆነ በምን ገመድ እንደተያያዘ ይመልከቱ። ቪጂኤ ምስል እንጂ ድምፅ አያስተላልፍም። ይበልጥ የሚያሳስተው ኤችዲኤምአይን ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው አዳፕተር ነው፦ ኮምፒውተሩ የኤችዲኤምአይ መውጫ ያገኘ መስሎት ድምፁን ሁሉ ወደዚያ ሊልክ ይችላል፣ ድምፁም አዳፕተሩ ላይ ይቀራል። አንዳንዱ አዳፕተር ጎኑ ላይ 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ስላለው ስፒከሩን እዚያ መሰካት ይቻላል። የሌለው ከሆነ ስፒከሩ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ይግባ።

መለኪያው ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም?

አሁን አንድ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ኡቡንቱ ወይም ሚንት ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብለው ከኋላው «ፓቩኮንትሮል» (ፒ፣ ኤ፣ ቪ፣ ዩ፣ ቀጥሎም ኮንትሮል) ይጨምሩ። «ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽም ቃል ነው። ፌዶራ በተባለው የሊነክስ ዓይነት ላይ «አፕት» የሚለው በ«ዲ ኤን ኤፍ» ይተካል። መልኩ ያረጀ ይመስላል እንጂ ለዚህ ሥራ ከሴቲንጉ የድምፅ ገጽ በብዙ ይሻላል።

አንድ ዘፈን ወይም ቪዲዮ ከፍተው እየሄደ ሳለ ፓቩኮንትሮልን ከፍተው «ፕሌይባክ» የሚለውን ገጽ ይዩ። ዘፈኑን የሚያጫውተው ፕሮግራም ስም እዚያ ካልታየ፣ ወይም ከሥሩ ያለው መስመር ካልተንቀሳቀሰ፣ ድምፁ ከፕሮግራሙ አልወጣም ማለት ነው። የብራውዘሩ ታብ ድምፁ ተዘግቶ ይሆናል፣ ወይም ቪዲዮው ራሱ ላይ ተቀንሶ ይሆናል። መስመሩ እየተንቀሳቀሰ ድምፅ ከሌለ ግን ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ችግሩ ከሰርቨሩ ወዲህ ነው።

አንዱ ፕሮግራም ብቻ ዝም ብሎ ሌሎቹ የሚሠሩ ከሆነ እዚያው «ፕሌይባክ» ላይ ከስሙ አጠገብ ድምፁ የሚሄድበት መሣሪያ ተጽፏል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የተመረጠለትን መውጫ ያስታውሳል፤ ፋየርፎክስ ባንድ ወቅት ወደ ስክሪኑ ከተላከ ዛሬም ወደዚያው ሊሄድ ይችላል። ከዝርዝሩ ትክክለኛውን መርጠው ይመልሱት።

ድምፁ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ

በጣም የተለመደው ምክንያት ይህ ነው። ግራፊክስ ካርዱ፣ ኢንቪዲያም ይሁን ኤኤምዲ፣ በኤችዲኤምአይ እና በዲስፕሌይፖርት ድምፅ የሚልክበት የራሱ ድምፅ ካርድ አለው። ማዘርቦርዱ ደግሞ ሌላ አለው። ስለዚህ ሊነክስ ቢያንስ ሁለት ካርድ ያያል፣ አንዳንዴም የማይፈለገውን ይመርጣል። ስክሪኑ እንቅልፍ ገብቶ ሲነቃ መውጫው ከነበረበት መቀየሩም ከዚህ የመጣ ነው።

«አውትፑት ዲቫይስስ» ላይ የማዘርቦርዱን መውጫ ፈልገው አረንጓዴ ምልክቱን በመጫን ዋና ያድርጉት። እዚያው «ፖርት» የሚል ዝርዝር አለ፤ «ላይን አውት» የጀርባው ነው፣ «ሄድፎንስ» አብዛኛውን ጊዜ የፊቱ። ከጎኑ «አንፕላግድ» ተጽፎ ገመዱ ግን ተሰክቶ ከሆነ ቺፑ ገመዱን አልተሰማውም ማለት ነው፤ ለማንኛውም መርጠው ይሞክሩት፣ አንዳንዴ ይሠራል።

የማዘርቦርዱ መውጫ ጭራሽ ከሌለ ወደ መጨረሻው ገጽ፣ «ኮንፊገሬሽን»፣ ይሂዱ። የካርዱ ፕሮፋይል «ኦፍ» ላይ ተቀምጦ ወይም ዲጂታል ተመርጦ ሊሆን ይችላል። ማይክም የሚጠቀሙ ከሆነ «አናሎግ ስቴሪዮ ዱፕሌክስ»፣ ካልሆነ «አናሎግ ስቴሪዮ አውትፑት» ይምረጡ።

አልሳሚክሰር

መውጫው ትክክል ሆኖ፣ መስመሩም እየተንቀሳቀሰ ድምፅ ከሌለ ተርሚናል ላይ «አልሳሚክሰር» ብለው ይተይቡ፤ አንድ ቃል ነው። እዚህ ብዙ ሰው አንድ ዘንግ (የድምፅ መጠን ማሳያ) ብቻ አይቶ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ይዘጋዋል። ያየው የሰርቨሩን ዘንግ እንጂ የካርዱን አይደለም። ኤፍ 6 ተጭነው ከዝርዝሩ የማዘርቦርዱን ካርድ ይምረጡ፤ በብዙ ማሽኖች ላይ «ኤችዲኤ ኢንቴል ፒሲኤች» ወይም «ኤችዲ-ኦዲዮ ጄኔሪክ» ይባላል። ያኔ ሁሉም ዘንጎች ይወጣሉ።

ከዘንጉ ሥር «ኤም ኤም» ከተጻፈ ተዘግቷል፣ ሁለት ዜሮ ከሆነ ክፍት ነው። በግራና በቀኝ ቀስት እየተንቀሳቀሱ፣ ኤም የሚለውን ፊደል በመጫን ይክፈቱት፣ በላይ ቀስት ከፍ ያድርጉት። «ማስተር» ብቻ አይበቃም። ብዙ ዴስክቶፖች ላይ የጀርባውን አረንጓዴ ቀዳዳ የሚገዛው «ፍሮንት» ወይም «ላይን አውት» የሚባለው ዘንግ ነው፤ እሱ ከተዘጋ ማስተሩ መቶ ቢሆንም ዝምታ ነው። «ፒሲኤም» እና «ሄድፎን»ንም አይለፏቸው።

ወደ ቀኝ ሲሄዱ «ኦቶ-ሚዩት» የሚል ሊያገኙ ይችላሉ። ሥራው ፊት ለፊት ማዳመጫ ሲሰካ የጀርባውን ስፒከር መዝጋት ነው። የፊቱ ቀዳዳ ካረጀ ወይም አቧራ ከያዘ ግን ምንም ሳይሰካበት የተሰካበት ይመስለዋል፣ የጀርባውም ለዘለዓለም ይዘጋል። በታች ቀስት «ዲስኤብልድ» ያድርጉት። በኤስኬፕ ይወጣሉ።

እነዚህ ለውጦች ፋይል ላይ የሚቀመጡት ማሽኑ በሥርዓት ሲጠፋ ነው። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ቦታ ያስተካከሉት ሁሉ በማግስቱ ተመልሶ ተዘግቶ የሚገኘው በዚህ የተነሳ ሊሆን ስለሚችል፣ እንደጨረሱ «ሱዶ አልሳሲቲኤል ስቶር» ብለው ወዲያው ያስቀምጡት (አልሳ ከሚለው ቃል ጋር ሲ፣ ቲ፣ ኤል ተያይዘው ይጻፋሉ)።

«ደሚ አውትፑት» ብቻ ሲታይ

በመውጫዎቹ ዝርዝር ላይ ይህ ስም ብቻ መታየቱ ሰርቨሩ ምንም ካርድ እንዳላገኘ ይናገራል። መጀመሪያ ሰርቨሩን እንደገና ማስነሳት ነው። ኡቡንቱ ከ22.10 ጀምሮ፣ ሚንት ከ22 ጀምሮ ፓይፕዋየርን ስለሚጠቀሙ ትእዛዙ «ሲስተም-ሲቲኤል» (ያለ ሰረዝ፣ ተያይዞ)፣ ከዚያ ሁለት ሰረዝ እና «ዩዘር»፣ ከዚያ «ሪስታርት ፓይፕዋየር ዋየርፕለምበር» ነው። ከፊቱ «ሱዶ» አይግባ፤ አገልግሎቱ የተጠቃሚው እንጂ የአስተዳዳሪው አይደለም። ኡቡንቱ 22.04 ወይም ሚንት 21 ከሆነ «ፐልስኦዲዮ ሰረዝ ኬ» ይበቃል።

ካልረዳ «ኤፕሌይ ሰረዝ ኤል» ይተይቡ፤ ኤ እና ፕሌይ ተያይዘው ማለት ነው። ካርዶች ከተዘረዘሩ ከርነሉ አይቷቸዋል፣ ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው። በፋይል ማሳያው ኮንትሮል እና ኤች ተጭነው የተደበቁ ፎልደሮችን ያውጡ፤ ከ«ነጥብ ሎካል»፣ ከ«ስቴት» ውስጥ «ዋየርፕለምበር» (የፓይፕዋየር ረዳት) የሚባለውን ፎልደር ስሙን ቀይረው ወጥተው ይግቡ። የተበላሸ ትዝታው ተረስቶ ከአዲስ ይጀምራል።

ምንም ካርድ ካልተዘረዘረ ነገሩ ከርነሉ ወይም ሃርድዌሩ ጋ ነው። በዚያው ማሽን ላይ ዊንዶውስም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፦ ዊንዶውስ የድምፅ ቺፑን ሊነክስ በማይረዳው ሁኔታ ትቶት ሊወጣ ይችላል። ማሽኑን አጥፍተው የመብራት ገመዱን ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፣ መልሰው ይሰኩ። ከሠራ ዊንዶውስ ውስጥ ገብተው «ፋስት ስታርትአፕ»ን ይዝጉ፣ አለበለዚያ ይመለሳል።

ቀጥሎ ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሲስተሙ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም። ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች፣ ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ድርጅቱ ድምፃቸውን ከባዮስ ዘግቶት ሊመጡ ይችላሉ። ሲበራ ኤፍ 2 ተጭነው ይግቡና «ኦዲዮ» በሚለው ሥር መከፈቱን ያረጋግጡ። ኦፕቲፕሌክስ ላይ የውስጥ ስፒከሩ መክፈቻ ለብቻው ነው።

ድምፁ የጠፋው ከርነሉ ከታደሰ በኋላ ከሆነ ሲበራ ሺፍት ወይም ኤስኬፕ ተጭነው ከ«አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የቀድሞውን ከርነል ይምረጡ። በቀድሞው ከሠራ፣ ኡቡንቱ ላይ የድምፅ ድራይቨሮቹ ያሉበት «ሊነክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ» የተባለው ጥቅል ለአዲሱ ከርነል ሳይጫን ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል መኖሩን ይፈትሹ። ፐልስኦዲዮን ነቅለው አውጥተው እንደገና ይጫኑ የሚለውን የቆየ ምክር ግን አይከተሉ፤ ዴስክቶፑን ራሱን አብሮ ሊነቅል ይችላል።

የጀርባው ሠርቶ የፊቱ ብቻ ዝም ካለ ሶፍትዌር ከመነካካት በፊት ኬዙን ይክፈቱ። ከፊት የሚመጣው ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ 9 ፒን ያለው፣ አንድ ቦታው ባዶ የሆነ መሰኪያ ላይ መግባት አለበት። ገመዱ ሁለት ጫፍ ካለው «ኤችዲ ኦዲዮ» የተጻፈበትን ይሰኩ፤ «ኤሲ 97» የቆየው ነው።

ይህ ሁሉ ታልፎ ቺፑ ራሱ ከሞተ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ አዳፕተር ይበቃል፤ አብዛኞቹ ድራይቨር ሳይፈልጉ ይሠራሉ። ሰክተው ዋና መውጫ ካደረጉት በኋላ «ኮንፊገሬሽን» ላይ የማዘርቦርዱን ካርድ «ኦፍ» ያድርጉት፣ ድምፁ ተመልሶ ወደ ሞተው ቺፕ እንዳይዘል።