የእርግዝና መከላከያ ክኒን ለምትወስዱ፦ ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁት ፓኬት ስትቀይሩ ነው

ክኒን እየወሰድኩ አረገዝኩ ያለችኝ ጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን ቀኑን ወደኋላ ስንቆጥር ችግሩ ክኒኑ ላይ አልነበረም፣ አዲሱን ፓኬት 3 ቀን አዘግይታ ነው የጀመረችው፣ ምክንያቷ ደግሞ "ደሙ እስኪቆም ልጠብቅ ብዬ" ነው። ይሄን ማንም አልነገራትም፣ ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር።

28 ፍሬ ያለው ፓኬት ላይ ብዙ ጊዜ 21ዱ ናቸው ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የሚባሉትን ሆርሞኖች የያዙት፣ ቀለማቸው ለየት ያሉት 7ቱ ሆርሞን የላቸውም፣ አንዳንዱ ላይ አይረን ነው። 21 ፍሬ ብቻ ያለውን ምትወስጂ ከሆነ ደግሞ 7 ቀን አርፈሽ በ8ኛው ቀን አዲስ ትጀምሪያለሽ። በነዚህ 7 ቀናት ነው ፔሬድ ሚመጣው፣ ግን በዛው ኦቫሪሽም (እንቁላል ሚወጣበት) መንቃት ይጀምራል፣ አዲሱ ፓኬት በቀኑ ሲጀመር ነው መልሶ ሚተኛው። 9 ቀን 10 ቀን ካደረግሽው እንቁላል ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ደሙ ባይቆምም በቀኑ ጀምሪ! እኔ አዲሱን ፓኬት ከአሮጌው ጋር በላስቲክ አስሬ ጥርስ ብሩሼ አጠገብ ነው ማስቀምጠው፣ አላርምም አለኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጀምሪ ፔሬድ በመጣ በ5 ቀን ውስጥ ከሆነ ወዲያው ይሰራል፣ ከዛ ውጪ ከሆነ እርግዝና እንደሌለ አረጋግጠሽ የመጀመሪያውን 7 ቀን ኮንዶም ጨምሪ።

አሁን መርሳት። አንድ ፍሬ ከረሳሽ ትዝ ባለሽ ሰዓት ዋጪው፣ የዛሬውንም በሰዓቱ፣ በአንድ ቀን ሁለት ቢሆንም ችግር የለውም፣ ኮንዶምም አያስፈልግሽም። ሆርሞን ካላቸው ውስጥ ሁለትና ከዛ በላይ በተከታታይ ከረሳሽ ግን መጨረሻ የረሳሽውን አንዱን ብቻ ውሰጂ፣ የቀሩትን የረሳሻቸውን ተያቸው፣ ሌላውን በሰዓቱ ቀጥዪና 7 ቀን ኮንዶም ተጠቀሚ። ይሄ የሆነው በመጀመሪያው ሳምንት ከሆነና ግንኙነት ካደረግሽ 5 ቀን ካላለፈ ቶሎ ብለሽ ስለ ፖስት ፒል (ከግንኙነት በኋላ ሚወሰድ መከላከያ) ፋርማሲ ጠይቂ። በ3ኛው ሳምንት ከሆነ ደግሞ ከ21ዱ የቀሩትን ጨርሰሽ ሆርሞን የሌላቸውን ዝለያቸው፣ በማግስቱ አዲስ ፓኬት፣ ፔሬድ ላይመጣ ይችላል አትደንግጪ። ሆርሞን የሌላቸውን 7ቱን ብትረሺ ግን ምንም አይደለም፣ ጣያቸው። (ይሄ ሁሉ ፕሮጀስቲን ብቻ ላለው፣ ለሚያጠቡ ለሚሰጠው ክኒን አይሰራም፣ የሱ ህግ ሌላ ነው።)

ክኒኑን ውጠሽ 3 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ ሌላ ፍሬ ድገሚ። የቲቢ መድሃኒት ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድሃኒቶች እንደ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ክኒኑን ያዳክሙታል፣ ስለዚህ ማንኛውም ሀኪም መድሃኒት ሲያዝልሽ ክኒን እንደምትወስጂ ንገሪው። አሞክሳሲሊን ግን አያዳክመውም፣ ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳታል።

መጀመሪያ አካባቢ ማቅለሽለሽ፣ ጡት ማመም፣ ትንሽ ትንሽ ደም ማየት ያጋጥማል፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3 ወር ይስተካከላል፣ በመሀል አታቋርጪ። በነገራችን ላይ ኤችአይቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን አይከላከልም፣ ለሱ ኮንዶም ነው።

ክኒኑ ለሁሉም ሴት አይሆንም፣ ከመጀመርሽ በፊት ግፊትሽን ተለኪ። 140/90 እና ከዛ በላይ ከሆነ፣ 35 አልፎሽ ሲጋራ ምታጨሺ ከሆነ፣ ማይግሬን ሲነሳብሽ ቀድሞ አይንሽ ላይ ብልጭታ ሚያሳይሽ ከሆነ፣ ደም ረግቶብሽ ሚያውቅ ከሆነ፣ የጡት ካንሰር ከነበረብሽ ወይ 6 ወር ያልሞላው ልጅ ምታጠቢ ከሆነ ሌላ ዘዴ ጠይቂ፣ ብዙ አማራጭ አለ። እየወሰድሽም አንድ እግርሽ ካበጠና ካመመሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ድንገት ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ወይ አይንሽ ከጨለመ፣ ሆድሽን በጣም ካመመሽ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ የዛኑ ሰዓት ሀኪም ቤት ሂጂ፣ ክኒን እንደምትወስጂም ገና ስትገቢ ተናገሪ።