የግፊትና የስኳር ታካሚን በታብሌት ስንከታተል የምንሳሳታቸው ነገሮች

እኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሀዋሳ ላይ ቤት ለቤት ስንዞር ድሮ መዝገብ እንሸከም ነበር። አሁን ታብሌት ነው። ኢቺስ የምንለው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ኔትዎርክ ሳይኖርም ስለሚሠራ ሸክሙ ቀሎልናል። ስህተታችን ግን አልቀነሰም። የግፊትና የስኳር ታካሚ አንዴ ታይቶ የሚሸኝ ሰው አይደለም። ዛሬ አሳስተን የሞላነው ቁጥር ለወራት ይከተለዋል።

የመጀመሪያው ስህተት ሰዓትና ቀን ማደባለቅ ነው። የራሴን ላውራ። ታቦር ክፍለ ከተማ አንዲት እናት የግፊት መድኃኒታቸውን እየረሱ አስቸገሩኝ። በስልካቸው ላይ ማስታወሻ ሞላሁላቸው፦ 2:00። ጠዋት 2 ሰዓት ማለቴ ነው። ስልኩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነበር፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጮኾ ቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰ። በማግስቱ ስሄድ «ልጄ፣ መርዶ መስሎኝ ልቤ ልትቆም ነበር» አሉኝ። ግፊት ላለበት ሰው! ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለስልኩ 8:00 ነው፤ 6 ደምሩለት።

ቀኑ ደግሞ ይብሳል። ለመጋቢት 10 የተያዘ ቀጠሮ ማርች 10 ተብሎ ከገባ 9 ቀን ይቀድማል። ሰውየው ሳያጠፋ ቀጠሮ እንዳለፈው ይቆጠራል። በእኛ 1960 የተወለደን ሰው በፈረንጅ 1960 ብለን ከሞላን 7 ወይም 8 ዓመት አስረጀነው። የልብ ሕመም ስጋት ሲሰላ ዕድሜ ስለሚገባበት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ቡና እያጠጡ መለካት ነው። ሲዳማ ምድር ቤት ገብቶ ቡና ሳይቀምሱ መውጣት አይታሰብም። ችግሩ ታካሚውም አብሮን መጠጣቱ ነው። ከልኬት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናም ሲጋራም የለም። ሽንት ቤት ደርሶ መጥቶ፣ ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ክንዱ በልቡ ትይዩ ይሁን። ሁለት ጊዜ ለኩ፤ በመሀል ቢያንስ 1 ደቂቃ ይለፍ። 148/92 ብለን ብንሞላ አፑ ከ140/90 ማለፉን እንጂ የቡናው ይሁን የበሽታው አይጠይቅም። እኔ ጀበናው ሳይጣድ እለካለሁ። ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ስክሪኑን ዝጉት፤ የሰው ስኳር የሰፈር ወሬ አይሁን።

ስኳር ላይም «ባዶ ሆዴን ነኝ» የሚል ሁሉ ባዶ ሆዱን አይደለም። ስኳር በሽታ አለ የሚያሰኘው የ126 (mg/dL) መለኪያ የሚሠራው ቢያንስ ለ8 ሰዓት ያህል ምንም ላልበላ ነው። ሻይ በስኳር ጠጥቶ «አልበላሁም» የሚል ስንት አለ።

ማታ ቤት ገብቶ በትዝታ መሙላት። ብዙ አልልም። የመንደሩ ግፊት ሁሉ 120/80 የሚሆነው ያኔ ነው።

አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መመዝገብም አለ። ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሐይ፤ ለእኛ አንድ ሴት ናት፣ ለታብሌቱ ሦስት። ፈልገን ስናጣት አዲስ እንከፍትላትና የግፊቷ ታሪክ ይበታተናል። አዲስ ከመክፈታችሁ በፊት በአባት ስምም በስልክ ቁጥርም ፈልጉ።

ጾም ሲገባ ማስታወሻውን በራስ ሥልጣን መቀየር አደገኛ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን ሊጾም ካሰበ፣ ጾሙ ሳይገባ ጤና ጣቢያ ይሂድና መድኃኒቱን ያዘዘለት ሐኪም ይወስን።

ታካሚውን ወደ ጤና ጣቢያ ለመላክ ሪፈር የሚለውን ተጭኖ መርሳት ደግሞ የሁላችንም ነው። ከሳምንት በኋላ ስትሄዱ ወረቀቱ ቴሌቪዥኑ ሥር ተወሽቋል። «ምኑ ያመኛል ብዬ ልሂድ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግፊት ብዙውን ጊዜ አያምም። አሁን በሦስተኛው ቀን እደውላለሁ። ካልሄዱ ባጃጅ ጠርቼ አብሬ እሄዳለሁ።