አረብ አገር ሆቴል ባር ስትፈልጉ እነዚህን እንዳትሳሳቱ

"ዱባይ እኮ የማይገኝ ነገር የለም" ብሎ ዝም ብሎ የሚመጣውም፣ "አረብ አገር ነው ምንም አይገኝም" ብሎ ሻንጣው ውስጥ ጠርሙስ የሚወትፈውም እኩል ነው የሚሸወዱት። ህጉ በአገር ብቻ አይደለም የሚለያየው፣ በከተማም ይለያያል፣ በሆቴልም ይለያያል። ደግሞ ሰው ብዙ ጊዜ ጣጣ ውስጥ የሚገባው ባሩ ውስጥ ተቀምጦ ሳይሆን ከባሩ ወጥቶ አልጋው እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው፣ ይሄን ያዙልኝ።

አንደኛውና ዋናው ስህተት ዱባይ ጎን ባለችው ሻርጃ ሆቴል መያዝ ነው። በተለይ ዕቃ ለማምጣት የሚመላለሱ ነጋዴዎች ይቺን ይሠራሉ፣ ረከስ ይላል፣ ካርታው ላይ ስታዩት ደግሞ ከዱባይ ጋር የተጣበቀ ነው። ግን ሻርጃ በፈረንጆቹ ከ1985 ጀምሮ አልኮል ጭራሽ ክልክል ነው፣ ባለ አምስት ኮከቡም ሆቴል ጋ አንድ ቢራ አታገኙም። "እና ምን አለበት፣ በታክሲ ዱባይ ሄጄ ጠጥቼ እመለሳለሁ" ትሉ ይሆናል፣ ችግሩ እኮ መመለሱ ላይ ነው። በመሃል ኬላ የለ፣ ፍተሻ የለ፣ አስፋልቱ ያው አስፋልት ነው፣ ግን ያቺን መስመር ስታልፉ ህጉ ተቀየረ፣ ሰክሮ መገኘትም ጠርሙስ ይዞ መገኘትም ያስጠይቃል። ከሻርጃ ወዲያ ያሉት አጅማን ወይ ኡም አል ቀይዋን መጠጥ ርካሽ ነው ሲባሉ ሄደው ካርቶን ጭነው ወደ ዱባይ የሚመለሱም አሉ፣ መንገዱ በሻርጃ በኩል እንደሚያልፍ ማን ይንገራቸው። መጠጣት ካሰባችሁ እዛው ዱባይ ውስጥ፣ ዴይራ ወይ ቡር ዱባይ የሚባሉት ሰፈሮች እደሩ፣ ትንሽ ብትጨምሩም።

ሁለተኛ፣ ኮከብ ቆጥሮ ባር አለ ብሎ መደምደም። ዱባይ ውስጥም ባለ አምስት ሆኖ ጠብታ የማይሸጥ ሆቴል አለ፣ ሆቴል አፓርታማ የሚባሉት ደግሞ አብዛኞቹ ባር የላቸውም። ቡኪንግ ላይ "ባር" የሚል ምልክት አይታችሁ ብትሄዱ የጁስ ባር ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በቻት "አልኮል ትሸጣላችሁ ወይ" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ሪሴፕሽኖቹ በቀን ስንቴ የሚጠየቁት ነው። የታክሲ ሹፌር ግን አትጠይቁ፣ በተለይ "አመጣልሃለሁ" የሚል ካጋጠማችሁ ውረዱና ሌላ ያዙ። ዴይራ ያሉ ትንንሽ ሆቴሎች ውስጥ የሀበሻ ሙዚቃ ያለባቸው ቤቶች ስላሉ እስክስታም ቢራም ለናፈቀው እነሱ ይሻላሉ።

ሌላው ሁሉንም አንድ "አረብ አገር" አድርጎ ማየት ነው። ባህሬን፣ ኦማን፣ ዱባይ፣ አቡ ዳቢ ፈቃድ ያለው ሆቴል ውስጥ ትጠጣላችሁ። ኳታርም እንደዛው ነው፣ ግን ወደ አገሩ ይዞ መግባት አይቻልም፣ በር ላይ ፓስፖርት ይጠየቃል፣ ከ21 ዓመት በታች አይገባም፣ ረመዳን ሲሆን ደግሞ የሆቴል ባሮቹ አይሸጡም። ፓስፖርቱን ሆቴል ትታችሁ በስልክ ያነሳችሁትን ፎቶ ብታሳዩ ከበር ነው የምትመለሱት። አባያ ለብሳችሁ የምትሄዱ እህቶችም ብዙ ባር እንደማያስገባችሁ እወቁ፣ ቀይራችሁ ሂዱ።

ሳውዲን በተመለከተ "ተፈቀደ" የሚል ወሬ ቲክቶክ ላይ በየጊዜው ይነሳል። በ2024 ሪያድ የዲፕሎማቶች ሰፈር ውስጥ የተከፈተው ሱቅ ሙስሊም ላልሆኑ ዲፕሎማቶች ተብሎ ነው፣ ሆቴል ባር አይደለም፣ በ2025ም "ሆቴሎች ሊሸጡ ነው" ተብሎ ሲወራ የሳውዲ ባለሥልጣን ውሸት ነው ብሏል። ስለዚህ ጅዳ ወይ ሪያድ ሆቴል ውስጥ "ባር" የሚል ጽሑፍ ብታዩ የሚመጣላችሁ ሞክቴል፣ ማለትም አልኮል የሌለው መጠጥ ነው። እና ኧረ በፈጠራችሁ ለዘመድ ብላችሁ አረቄ በሃይላንድ ሞልታችሁ አትውሰዱ! "ውሃ ነው" ብሎ ማለፍ የለም፣ ሽታው ይናገራል። ዱባይ ለአዋቂ መንገደኛ እስከ 4 ሊትር ታስገባለች፣ በዱባይ አልፎ ኩዌት ወይ ሳውዲ ለሚሄድ ግን ያ ፈቃድ ምንም አይሠራለትም።

ዋጋው ላይ ብዙ አልልም። ዱባይ ሆቴል ውስጥ አንድ ቢራ 50 ድርሃም አካባቢ ነው፣ ሃፒ አወር የሚሉትን ዋጋ የሚቀንስበትን ሰዓት ጠብቁ፣ ሴቶች ከሆናችሁ ለሴት በነጻ ወይ በቅናሽ የሚቀዳበት ሌዲስ ናይት አለ፣ በብዛት ማክሰኞ። የመጠጥ ላይ 30 በመቶ ታክሱ በ2023 ተነስቶ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ስለተመለሰ ያኔ ሄዶ የመጣ ጓደኛችሁ በነገራችሁ ዋጋ ባጀት አታውጡ።

ዱባይ መኪና ተከራይታችሁ ከሆነ አንድም ቢራ እንዳትቀምሱ፣ "ትንሽ ነው የጠጣሁት" የሚባል ነገር የለም፣ የተፈቀደው መጠን ዜሮ ነው፣ ቅጣቱ ከ20 ሺህ ድርሃም ይጀምራል፣ እስርም አለው። ማታ ብዙ ጠጥቶ ጠዋት መንዳትም ያው ነው። የተረፈውን ቢራ ይዞ መንገድ ላይ እየተጎነጩ መሄድም አይሞከርም፣ ባር ውስጥ የተፈቀደው መንገድ ላይ ወንጀል ነው።

የመጨረሻው ባር ሲጠፋ ቤት ውስጥ የተጠመቀውን መሞከር ነው፣ ይሄ ከፖሊስም በላይ የሚያስፈራው ነው። ኩዌት ሆቴል ባር ጭራሽ የለም፣ ስለዚህ ሰው በስውር የሚሸጠውን ይገዛል። በነሐሴ 2025 በፈረንጆቹ ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ያለበት መጠጥ ጠጥተው 23 ሰዎች ሞቱ፣ ዓይናቸውን ያጡም አሉ፣ አብዛኞቹ ሠራተኞች ነበሩ። ሜታኖል በጠረንም በጣዕምም ከሌላው አይለይም፣ "እኔ የማውቀው ሰው ነው የሠራው" ማለትም አያድንም። የሚያሳሳተው ደግሞ ሕመሙ ወዲያው አለመጀመሩ ነው፣ ሰውየው ተኝቶ ተነስቶ ሃንግኦቨር ነው ብሎ ውሃ እየጠጣ ይቆያል። ካስመለሳችሁ፣ ሆዳችሁን ከቆረጣችሁ፣ በተለይ ዓይናችሁ ከደበዘዘ ወይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ካያችሁ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂዱ፣ የጠጣችሁትንም ሳትደብቁ ተናገሩ፣ ማርከሻ መድኃኒት አለው ግን ቶሎ ሲጀመር ነው የሚያድነው።