የጎንደርን መስፋፋት በሳተላይት ምስል እንዴት መከታተል ይቻላል?

ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካላችሁ ሌላው ሁሉ በነፃ ይገኛል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት የምስል ማኅደሮቹን ተከትለው በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጉግል ኧርዝ ፕሮን ኮምፒውተር ላይ ጫኑ፤ በስልክ ወሰን ማስመር አድካሚ ነው። ጎንደርን ፈልጉና የሰዓት ምልክቷን ተጭናችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ቤት ከቤት የሚለዩት ምስሎች ከ2000 ወዲህ ያሉት ናቸው።

ከሁሉ በፊት የፋሲል ግቢን የውጭ አጥር በመስመር ዙሩት። ርዝመቱ ወደ 900 ሜትር መምጣት አለበት። ዓመት ስትቀይሩ መስመሩ ከአጥሩ ላይ ከወጣ ቦታውን የሳተው ምስሉ ነው። አገሩ ተራራማ በመሆኑና ሳተላይቱ ዘንበል ብሎ ስለሚያነሳ ይህ ያጋጥማል፤ ሳታስተካክሉ ሰፈር አትለኩ።

ለቀደሙት ዓመታት ላንድሳት የተባሉትን የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስል፣ የምስል ማኅደር ድረ ገጽ ከሆነው ከኧርዝ ኤክስፕሎረር አውርዱ። ላንድሳት 5 ከ1984 እስከ 2011፣ ላንድሳት 8 ደግሞ ከ2013 ጀምሮ አለ። ላንድሳት 7 ከሜይ 2003 በኋላ ምስሉ ባዶ ሽንትር ስላለበት እሱን ተዉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወር ሲመርጥ ነው። ክረምቱን ደመና ይሸፍነዋል። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ሰማዩ ጥርት ስለሚል ያጓጓል፤ ግን ያኔ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ተራቁቷል። የተራቆተ አፈር፣ የጠጠር መንገድና ዝገት የበላው ቆርቆሮ በምስሉ ላይ ይመሳሰላሉ፤ እርሻው ሁሉ ከተማ መስሎ ይቆጠራል። የሚሻለው ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ነው፦ ደመናው ገለል ብሏል፣ ሣሩም ገና አረንጓዴ ነው። የምታነጻጽሯቸው ዓመታት ሁሉ የአንድ ወር ይሁኑ፤ ያን ጊዜ የተራሮቹ ጥላም ይመሳሰላል። የአንዱ ዓመት ኖቬምበር ከሌላው ፌብሩዋሪ ጋር አይነጻጸርም፤ ዓመቱን መዝለል ይሻላል።

ምስሉን ኪውጂአይኤስ በተባለው ነፃ የካርታ ፕሮግራም ክፈቱና ባንዶቹን (ሳተላይቱ ለየብቻ የሚመዘግባቸውን የብርሃን ዓይነቶች) በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቅደም ተከተል አስገቡ፦ ለላንድሳት 5፣ 7-5-3፤ ለላንድሳት 8፣ 7-6-4። ተክሉ አረንጓዴ ሆኖ ከሕንፃው ይለያል።

የላንድሳት አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) 30 በ30 ሜትር፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ቤት ከነግቢው እዚያ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ የከተማውን ጠርዝ እንጂ ቤት አትቁጠሩበት። ከ2015 ወዲህ ላለው ፒክስሉ 10 ሜትር የሆነው የአውሮፓ ሳተላይት ሴንቲኔል 2 ይሻላል።

ወሰኑን በየዓመቱ በተለያየ ቀለም አስምሩ፤ ወደ አዘዞ ከሚወስደው መንገድ ብትጀምሩ ለውጡ ቶሎ ይታያችኋል። ስፋት ከማስላታችሁ በፊት ፕሮጀክሽኑን (ካርታው ቦታን የሚለካበትን ስልት) በሜትር ወደሚለካው ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ቀይሩ፤ አለዚያ ውጤቱ በዲግሪ ወጥቶ ትርጉም ያጣል። በመጨረሻ ከአዲሱ ወሰን ላይ 20 ነጥቦችን በዘፈቀደ መርጣችሁ የዚያው ዓመት የጉግል ኧርዝ ምስል ላይ ፈትሹ፤ ማሳ ሆኖ የተገኘውን ከወሰኑ አውጡ።