ገንዳው ባሕር ዳር፣ ባለቤቱ ባሕር ማዶ

ጎጃም ውስጥ ማረፊያ ቤት ሠርተው ውጭ አገር ከሚኖሩ ወዳጆቼ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «የመዋኛ ገንዳው ውኃ ደፈረሰ፣ ማጣሪያው ተቃጥሏል፣ ገንዘብ ላክ ተባልሁ። ልላክ?» የእኔም መልስ አንድ ነው፤ የግፊት መለኪያው ስንት ላይ እንደቆመ ሳታውቁ ብር አትላኩ።

የአሸዋ ማጣሪያ የሚቃጠል ነገር የለውም፤ የሚቃጠለው ፓምፑ ነው። ማጣሪያው አሸዋ የሞላው በርሜል ነው፤ እጀታ ያለው ቫልቭና የእጅ ሰዓት የምታህል መለኪያ አለው። አሸዋው በታጠበ ቀን መለኪያዋ የምታሳየውን ቁጥር በርሜሉ ላይ በቀለም አስጽፉ። ከዚያ ቁጥር በላይ ከ8 እስከ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ ነው) ከፍ ስትል አሸዋው ቆሻሻ ይዟል። ፓምፑ ይጠፋል፣ እጀታው ወደ ማጠቢያው ይዞራል፣ ፓምፑ ይነሣና በቫልቩ መስታወት የሚታየው ውኃ እስኪጠራ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሠራል። ከዚያ ፓምፑ እንደገና ጠፍቶ እጀታው ወደ መለቅለቂያው ይዞራል፣ ፓምፑ ተነሥቶም ግማሽ ደቂቃ ያህል ይለቀለቃል፤ በመጨረሻ ፓምፑ ጠፍቶ እጀታው ወደ ማጣሪያው ይመለሳል። ፓምፑ እየሠራ እጀታውን የሚያዞር ሰው የቫልቩን ጎማ ያበላሻል፤ ውኃችሁም በፍሳሹ ቱቦ እየሄደ ያልቃል። መለኪያዋ ከወትሮው ዝቅ ካለች ጥፋቱ ከአሸዋው በፊት ነው፤ የፓምፑ ቅርጫት በቅጠል ተደፍኗል፣ የገንዳው ውኃ ጎድሏል፣ ወይም የፓምፑ ክዳን አየር ያስገባል። ውኃው አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ክሎሪኑና መብራት ጠፍቶ ፓምፑ የቆመበት ቀን ብዛት ነው።

አሠራሩ ይኸው ነው። ቤት የሚያፈርሰው ሌላ ነው።

የባሕር ዳሩን ማረፊያዬን የሰጠሁት ለእኅቴ ልጅ ነበር። የትምህርት ቤት ክፍያውን የከፈልሁለት፣ እንደ ልጄ የማየው ነው። አንድ ክረምት ደውሎ «ጋሼ፣ ባለሙያው አሸዋው አልቆለታል አለ» አለኝ። ማጣሪያው ከተተከለ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ደኅና አሸዋ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት እንደሚያገለግል አውቃለሁ። እያወቅሁ ዝም አልሁ። ለ150 ኪሎ አሸዋ ሥጋዬን ጠረጠርሁ እንዳልባል ፈርቼ ላክሁ። ከአዲስ አበባ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ እስኪደርስ ብሎ የመኪና ጠየቀ፤ ላክሁ። ወር ሳይሞላ የገንዳው ወለል ደለል ለበሰ። አሁን ደግሞ ፓምፑ ነው ተባለ፤ ለፓምፕም ላክሁ።

ለጥምቀት ስገባ ከዘበኛው ጋር ሆነን የበርሜሉን ክዳን ፈታን። እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። የማጣሪያ አሸዋ የታጠበ ሲሊካ ነው፤ ቅንጣቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ እኩል ነው፣ እንደ ስኳር በጣት መካከል ይፈስሳል። የእኔ እጅ ይዞት የወጣው ጭቃ የለወሰው ጠጠርና የቀንድ አውጣ ስባሪ ነው። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ጓሮ ወሰዱኝና አጥሩ ሲሠራ የተረፈውን የወንዝ አሸዋ ክምር አሳዩኝ። አንድ ጎኑ በአካፋ ተቆርሷል። በርሜሉን ባዶ ስናደርገው ከሥር ካሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ሁለቱ ተሰብረዋል። አሸዋ የሚጨመረው በርሜሉ እስከ ግማሽ ውኃ ከያዘ በኋላ ነው፤ እነርሱ በደረቁ ገልብጠውበታል። ገንዳው ውስጥ የገባው ደለል በዚያ ስብራት ያለፈ ነው።

ልጁ «ባለሙያው እንዳለኝ ነው ያደረግሁት» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። እኅቴ ግን «ለአሸዋ ብለህ ልጄን በሰው ፊት አዋረድኸው» ብላ ስልኳን ዘጋችብኝ። ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ ደረሰኝ ብጠይቀው ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር። ዝምታዬን እንደ ፍቅር ቆጥሬው ነበር፤ ልጁን ለፈተና የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ተበላሸ ብሎ የሚነግራችሁና ገንዘቡን የሚቀበለው አንድ ሰው አይሁን፣ ወንድማችሁም ቢሆን። ዛሬ የመለኪያዋን ፎቶ በየጠዋቱ የሚልኩልኝ ዘበኛው ናቸው፤ የዕቃ ዋጋ ግን በቀጥታ ወደ ሻጩ የባንክ ሒሳብ ይገባል። አሸዋ ሲገዛ መራዊ ያለችው አክስቴ ትገኛለች። ስለ ገንዳ አታውቅም፤ ከረጢት መቁጠር ግን ታውቃለች። ከአንዱ ከረጢት እፍኝ ወስዳ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ትጨምራለች፣ እኔ በቪዲዮ አያለሁ። ውኃው ጭቃ ከመሰለ ከረጢቱ ይመለሳል። ሥራውን ለዘመድ ስትሰጡም በእናቱ ፊት፣ ገና ምንም ሳይጠፋ፣ ደረሰኝ እንደምትጠይቁ ንገሩት። ያን ጊዜ ሥርዓት ነው፤ በኋላ ሲመጣ ስድብ ይሆናል።

ቤቱን ለሚጠብቅላችሁ ሰው ስለምትሰጡት ውክልና ባጭሩ፦ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተሰጥቶ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ቤት ለመሸጥና በዋስትና ለማስያዝ በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በተዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ ግን «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚል ሐረግ እንደ ልማድ ገብቶ ይገኛል። ሳትፈርሙ አስወጡት።

ከእኅቴ ጋር ገና አልታረቅንም። ለፋሲካ ሽማግሌ እልካለሁ።