ባለ ብዙ ቻናል ዲስክ አልጫወት ሲል፦ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ከሁለት በላይ ስፒከር የሚሆን ሙዚቃ መያዝ የሚችሉትን ኤስኤሲዲ፣ ዲቪዲ ኦዲዮ ወይም የዲቲኤስ ሲዲ ስታስገቡ ድምፁ ከሁለት ስፒከር ብቻ ከወጣ፣ ጭራሽ ከጠፋ ወይም ሿ የሚል ጩኸት ከሆነ ማጫወቻውን ወደ ጠጋኝ ለመውሰድ አትቸኩሉ። በእነዚህ ዲስኮች ላይ የሚያጋጥመው ችግር በአብዛኛው የገመድና የሴቲንግ ነው። ተራ ሲዲ በየትኛውም ገመድ ይሄዳል። ባለ ብዙ ቻናሎቹ ግን እያንዳንዳቸው የሚያልፉበት የታወቀ መንገድ አላቸው። መንገዱ ሲሳሳት ማጫወቻው ስህተቱን አይነግራችሁም፤ ዝም ይላል ወይም ሳታውቁት ወደ ስቴሪዮ ይወርዳል።

ከዚህ በታች አምፕሊፋየር የምንለው ኤቪ ሪሲቨር የሚባለውን፣ አምስትና ከዚያ በላይ ስፒከር የሚያሠራውን ነው፤ የዲሹን ሪሲቨር አይደለም።

መጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን ስክሪን አንብቡ

ዲስኩ እየተጫወተ ሳለ በአምፕሊፋየሩ ሪሞት ላይ «ኢንፎ» ወይም «ስታተስ» የሚለውን ተጫኑ። ምን ዓይነት ሲግናል እየገባ እንደሆነ ይጽፋል። ማንኛውንም ገመድ ከመንካት በፊት ይህን ማየት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ብዙ ኤስኤሲዲዎች ሃይብሪድ ናቸው፤ ማለትም የተራ ሲዲና የኤስኤሲዲ ሁለት ንብርብር አላቸው። ኤስኤሲዲ አስገብታችሁ «ፒሲኤም 44.1» (ፒሲኤም ተራ ሲዲ ድምፁን የሚይዝበት ዘዴ ነው) እና ሁለት ቻናል ካሳየ ማጫወቻው እያነበበ ያለው የሲዲውን ንብርብር ነው። «ዲኤስዲ» (የኤስኤሲዲ የራሱ ዘዴ)፣ «ፒሲኤም 88.2» ወይም «176.4» ካሳየ ትክክለኛው ንብርብር ላይ ናችሁ። ዲኤስዲ በሴኮንድ 2.8224 ሚሊዮን ናሙና ይይዛል፤ ይህም የ44.1 ሺህ 64 እጥፍ ስለሆነ ወደ ፒሲኤም ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ በእነዚያ ቁጥሮች ላይ ያርፋል። ዲቪዲ ኦዲዮ አስገብታችሁ «ዶልቢ ዲጂታል» ወይም «ዲቲኤስ» ከመጣ የዲስኩ የቪዲዮ ክፍል እየተጫወተ ነው። በዲጂታል ገመድ አገናኝታችሁ ምንም ካላሳየ ሲግናሉ አምፕሊፋየሩ ጋ አልደረሰም ማለት ነው።

የሚገባውን ከሚወጣው ለዩት። የሚገባው 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ የቤዝ ስፒከር፣ ማለትም ሰብዉፈር) ሆኖ ድምፁ ከፊት ብቻ የሚወጣ ከሆነ አምፕሊፋየሩ ራሱ «ስቴሪዮ» በሚል የማዳመጫ ሞድ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ወደ ሁለት እያጠፈው ነው። ወደ «ዳይሬክት» ወይም «መልቲ ቻናል» ቀይሩት።

ኤስኤሲዲ ድምፅ ሲያጣ

በብዛት የሚጠየቀው ይህ ነው፦ «ተራ ሲዲ በኦፕቲካል ገመድ ይጫወትልኛል፤ ኤስኤሲዲ ሳስገባ ግን ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ድምፅ የለም።» ማጫወቻው ደህና ነው። ሶኒና ፊሊፕስ በ1999 ፎርማቱን ሲያወጡ የኤስኤሲዲው ንብርብር በኦፕቲካልም ሆነ በኮአክሲያል ዲጂታል ገመድ እንዳይወጣ ዘግተውታል። ገመድ ብትቀይሩ ለውጥ የለውም። ብዙ ቻናል የሚያልፍባቸው የተለመዱ መንገዶች ሁለት ናቸው፦ ኤችዲኤምአይ ወይም ስድስት የአናሎግ አርሲኤ ገመዶች (እንደ ቀይና ነጩ የድምፅ ገመድ ያሉ)።

በኤችዲኤምአይ ከሆነ ማጫወቻውን ቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ፣ አምፕሊፋየሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኙ። ብዙ ሰው ማጫወቻውን ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካና ድምፁን ከቴሌቪዥን በኦፕቲካል ወይም በኤአርሲ (በኤችዲኤምአይ ገመዱ በራሱ ድምፅን በሚመልሰው መንገድ) ወደ አምፕሊፋየር ይመልሳል። ቴሌቪዥኑ ብዙ ጊዜ ለማጫወቻው «እኔ የምቀበለው ሁለት ቻናል ነው» ብሎ ስለሚመልስ ማጫወቻው ታዝዞ ሁለት ቻናል ብቻ ይልካል። ተራው ኤአርሲ ያልታመቀ ባለ ብዙ ቻናል ፒሲኤም አያሳልፍም፤ የተሻሻለው ኢኤአርሲ ያሳልፋል። ቢሆንም ቀጥታውን መንገድ የሚያህል የለም።

ዲኤስዲን በኤችዲኤምአይ ማሳለፍ የተጀመረው በ2005 በወጣው 1.2 ስሪት ነው። አምፕሊፋየራችሁ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ወይም ዲኤስዲን የማያውቅ ከሆነ ማጫወቻው ወደ ፒሲኤም ቀይሮ እንዲልክ አድርጉ። ሶኒ ማጫወቻዎች ላይ «ዲኤስዲ አውትፑት ሞድ» የሚለውን «ኦፍ» ማድረግ ነው። እዚያው በሙዚቃ ሴቲንግ ውስጥ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ አንዱ የሲዲውን ወይም የዲኤስዲውን ንብርብር፣ ሌላው ሁለት ቻናል ወይም መልቲ የሚያስመርጥ ነው። ሁለቱም መስተካከል አለባቸው። ብዙ ማጫወቻዎች ዲስኩ እየዞረ ሳለ ይህን ለውጥ አይቀበሉም፤ መጀመሪያ «ስቶፕ» ተጫኑ።

የዲስኩን ጀርባም አንብቡ። ስቴሪዮ ብቻ ሆነው የታተሙ ኤስኤሲዲዎች ብዙ ናቸው፤ መልቲ ቻናል የሚል ምልክት ከሌለ የምትፈልጉት ነገር ዲስኩ ላይ የለም። ማጫወቻው ላይም የኤስኤሲዲ አርማ መኖሩን አረጋግጡ። አርማ የሌለው ማጫወቻ ሃይብሪድ ዲስክን እንደ ተራ ሲዲ ያጫውተዋል፤ ሃይብሪድ ያልሆነውን ጭራሽ አያውቀውም።

ዲቪዲ ኦዲዮ

ዲስኩ ውስጥ ሁለት ማኅደር አለ፤ አንዱ የኦዲዮ፣ ሌላው የቪዲዮ። ተራ የዲቪዲ ማጫወቻ የቪዲዮውን ብቻ ስለሚያይ የታመቀውን ዶልቢ ወይም ዲቲኤስ ያሰማችኋል። ደስ ይላል፤ ግን የገዛችሁት እሱን አልነበረም። ዋናው ድምፅ ኤምኤልፒ በሚባል ጥራት በማይቀንስ ዘዴ የታሸገ፣ ለስድስት ቻናል እስከ 24 ቢት 96 ኪሎኸርዝ የሚደርስ ነው። ይህ በኦፕቲካል ገመድ አይገባም፤ የገመዱ አቅም ለሁለት ቻናል ፒሲኤም ነው፣ የቅጂ ጥበቃውም ወደ 48 ኪሎኸርዝ ያወርደዋል። ስለዚህ እዚህም መፍትሔው ኤችዲኤምአይ ወይም ስድስቱ አርሲኤ ነው።

ማጫወቻው ዲቪዲ ኦዲዮን የሚያውቅ ሆኖም የቪዲዮውን ክፍል ከመረጠ በሴቲንግ ውስጥ ቅድሚያ የሚሰጥበትን ቦታ ፈልጉና ወደ ኦዲዮ መልሱት። ቴሌቪዥን ሳይከፍቱ የሚያዳምጡ ሰዎች ደግሞ «ዲስኩ አይጀምርም» ይላሉ፤ ሜኑው ላይ ቆሞ እየጠበቃቸው ነው። ትራኮቹ በ«ግሩፕ» የተከፈሉ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ግሩፕ 5.1፣ ሌላው ስቴሪዮ ነው። አንድ ጊዜ ቴሌቪዥን ከፍታችሁ የትኛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ካያችሁ በኋላ በሪሞቱ ግሩፑን መርጣችሁ «ፕሌይ» ማለት ይበቃል።

ስድስቱ አርሲኤ ገመዶች

በአናሎግ ሲሄድ ስህተቱ የእጅ ነው። የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ጠጋ ብላችሁ እዩ፦ ፊት ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ መሃል፣ ኋላ ግራ፣ ኋላ ቀኝ፣ ሰብዉፈር። የአንዱ ገመድ ጫፍ ከተሳሳተ ዘፋኙ ከኋላ ይሰማል ወይም ሰብዉፈሩ ላይ ታፍኖ ይቀራል። ኢንፑቱንም «መልቲ ኢን» ላይ ማድረግ የግድ ነው።

አንድ ስፒከር ዝም ካለ እንዲህ አድርጉ፦

1. ከአምፕሊፋየሩ ሜኑ ውስጥ «ቴስት ቶን» አስነሡ። ድምፁ ከዚያ ስፒከር ከወጣ ስፒከሩና የስፒከሩ ሽቦ ደህና ናቸው።
2. ሁሉንም አጥፉና አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ የዝምተኛውን አርሲኤ ከፊት ግራው ጋር አቀያይሩ።
3. ዝምታው ወደ ፊት ግራ ከሄደ ችግሩ ገመዱ ወይም ማጫወቻው ነው። ያው ስፒከር ላይ ከቀረ የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ነው።
4. ችግሩ ገመዱ ወይም ማጫወቻው ከሆነ ገመዱን ብቻ ቀይሩ፤ ከተስተካከለ ገመዱ ነበር፣ ካልተስተካከለ የማጫወቻው መውጫ ነው።

ይህን ሁሉ ከመድከም በፊት ግን ዲስኩ ራሱ በዚያ ቻናል ላይ ድምፅ እንዳለው እወቁ። በ1970ዎቹ ለአራት ስፒከር የተቀናበሩ ሥራዎች በኤስኤሲዲ ሲታተሙ 4.0 ሆነው ነው፤ መሃሉና ሰብዉፈሩ ዝም ቢሉ ትክክል ነው። 5.0 የሆኑ የክላሲካል ሙዚቃ ዲስኮችም ሰብዉፈሩን ባዶ ይተዉታል።

ቤዙ ቀጥኖ ከተሰማችሁ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው። አብዛኛው አምፕሊፋየር በአናሎግ መልቲ ኢን የገባውን ድምፅ እንደመጣ ያሳልፈዋል፤ ትናንሽ ስፒከሮች የማይችሉትን ቤዝ ወደ ሰብዉፈር አያዞርም። የስፒከር መጠን «ስሞል» የሚባለውና መቁረጫው ድግግሞሽ፣ ለምሳሌ 80 ኸርዝ፣ በማጫወቻው ሜኑ ውስጥ መሞላት አለበት። አንዳንድ ማጫወቻ ይህን በዲኤስዲ ላይ አይሠራም፤ ወደ ፒሲኤም እንዲቀይር ሲደረግ ይሠራል። በተጨማሪ የሰብዉፈሩ ቻናል በአናሎግ ሲገባ 10 ዲሲቤል ዝቅ ብሎ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ለዚህ ብዙ አምፕሊፋየሮች ለመልቲ ኢን ብቻ የሚሆን 0፣ +5፣ +10፣ +15 የሚል ምርጫ አላቸው። +10 ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ፤ ከበዛ መልሱት።

የዲቲኤስ ሲዲ፦ ሿ የሚለው

መጀመሪያ ድምፁን ቀንሱ። ሿታው በሙሉ ኃይል የሚመጣ ስለሆነ ትዊተር (የቀጭን ድምፅ ስፒከሩን) ሊያቃጥል ይችላል።

ዲስኩ ከውጭ ሲታይ ተራ ሲዲ ነው፤ 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት። ውስጡ ያለው ግን ሙዚቃ ሳይሆን የተቆለፈ የ5.1 ዳታ ነው። ማጫወቻው ይህን ዳታ እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ በቀይና ነጩ አናሎግ ገመድ ሲልከው የሚሰማው፣ የሬዲዮ ጣቢያ ሲጠፋ የሚሰማው ዓይነት ሿታ ነው። ስለዚህ እነ ኤስኤሲዲ የሚጠሉትን የኦፕቲካል ወይም የኮአክሲያል ገመድ ይህኛው ይፈልገዋል።

ገመዱ ልክ ሆኖም ሿ ካለ ዳታው በመንገድ ላይ ተነክቷል። አንዲት ቢት እንኳ ሳትለወጥ መድረስ አለበት። ማጫወቻው ላይ ኢኳላይዘር፣ የድምፅ መጠን ማስተካከያ፣ ወደ 48 ወይም 96 ኪሎኸርዝ የሚቀይር ሴቲንግ ካለ ሁሉንም አጥፉ፤ «ዲቲኤስ አውት» የሚል ካለ አብሩት። አምፕሊፋየሩ «ፒሲኤም» ላይ ታስሮ ከሆነ «አውቶ» ወይም «ዲቲኤስ» ላይ አድርጉት። በ«አውቶ» ሲሆን ትራኩ ሲጀምር አጭር ሿታ ከተሰማ ወይም የመጀመሪያው ግማሽ ሴኮንድ ከተቆረጠ አምፕሊፋየሩ ዓይነቱን እየለየ ነው፤ «ዲቲኤስ» ላይ ማሰር ያስቀረዋል።

ኮፒ ስታደርጉም ሕጉ ያው ነው። ወደ ኤምፒ3 ከተቀየረ ወይም ድምፁ እኩል እንዲሆን ተብሎ ከተስተካከለ ዳታው ሞቷል፣ አይመለስም። ዌቭ ወይም ፍላክ ይጠብቀዋል።

ብሉሬይ ኦዲዮ

አጭር ነው። «ቢዲ ኦዲዮ ሚክስ» የሚለውን «ኦፍ»፣ ዲጂታል መውጫውን «ቢትስትሪም» (ዳታውን ሳይፈታ እንዳለ የሚልከው) አድርጉ። መውጫው «ቢትስትሪም» ሆኖ ሚክሱ ካልጠፋ ዶልቢ ትሩኤችዲም ሆነ ዲቲኤስ ኤችዲ ሙሉውን አይመጣም። በኦፕቲካል የሚያልፈው የታመቀው ስሪት ብቻ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ ሪጅን ኤ ነው፤ ኢትዮጵያ፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሪጅን ቢ ስለሆኑ ለእነዚህ አገሮች የተቆለፈ ዲስክ አይቀበልም። ኤስኤሲዲ ሪጅን የለውም። እግረ መንገዳችሁን የማጫወቻውን ጀርባ እዩ፦ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈበት እኛ አገር 220 ላይ ቀጥታ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል፤ ከ100 እስከ 240 ከተጻፈበት ችግር የለም።

ዲስኩን ጭራሽ ካላነበበ

ሲዲ በ780 ናኖሜትር ሌዘር፣ ዲቪዲና ኤስኤሲዲ በ650 ናኖሜትር ሌዘር ይነበባሉ። ስለዚህ ሦስት ዲስክ አስገቡ፦ ተራ ሲዲ፣ የፊልም ዲቪዲ፣ ኤስኤሲዲ። ሲዲው ሠርቶ ሁለቱ ካልሠሩ 650 ሌዘሩ ደክሟል ወይም ሌንሱ ቆሽሿል። ዲቪዲው ሠርቶ ኤስኤሲዲው ብቻ እምቢ ካለ ዲስኩን ጠርጥሩ። ሁሉም ጀምረው የመጨረሻዎቹ ትራኮች ላይ ብቻ የሚዘሉ ከሆነ፣ ዲስክ የሚነበበው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ ሌዘሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ግራሶ ደርቋል ማለት ነው፤ የድሮው ተጠርጎ ለፕላስቲክ የሚስማማ ትንሽ ግራሶ ይቀባል።

ዲስኩን በለብ ያለ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፤ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። ዙሪያውን እያዞሩ መጥረግ ጭረቱን ከትራኩ ጋር ስለሚያስኬደው ተከታታይ ዳታ ይጠፋል፤ አቋርጦ ያለፈን ጭረት ግን የማረሚያው ኮድ ይሸፍነዋል። የጥርስ ሳሙና አትጠቀሙ። ጽሑፍ ያለበትንም ወገን ተጠንቀቁለት። በሃይብሪድ ኤስኤሲዲ ከሚነበበው ወገን ሲለካ የሲዲው ንብርብር 1.2 ሚሊሜትር ላይ፣ ማለትም ልክ ከጽሑፉ ሥር፣ የኤስኤሲዲው መሃል 0.6 ሚሊሜትር ላይ ነው። ከላይ የተጫረ ዲስክ ኤስኤሲዲው እየሠራ ሲዲው ሊሞት የሚችለው ለዚህ ነው።

ሌንሱን በጆሮ ማጽጃ ጥጥና ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ሳትጫኑ ንኩት። ዲስክ እየዞረ ክዳኑን ከፍታችሁ ሌዘሩን በዓይን አትዩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ 650 ሌዘሩ ካላነበበ የሚለወጠው ሙሉው የሌዘር ክፍል ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ላይ ስለሚጻፍ ከመግዛታችሁ በፊት ያንን አመሳክሩ። አዲሱ ላይ ከስታቲክ እንዲጠብቀው የተበየደ ትንሽ የእርሳስ ጠብታ ይኖራል፤ ሪባኑ ከተሰካ በኋላ ካልተነሣ አዲሱም አያነብም።