ያለ ድምፅ የሚበላሽ ውጤት፦ በናኖ ሕክምና ዳታ ላይ ሥራ የጀመሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮድ ሲሰበር ብዙም አልሰጋም። ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፣ ይነበባል፣ ይስተካከላል። የሚያሰጋኝ እስከ መጨረሻው ያለ ችግር ሮጦ፣ ያማረ ግራፍ አውጥቶ፣ የተሳሳተ መልስ የሚሰጠው ነው። በቅርቡ ኮምፒውቴሽናል ባዮሎጂ ጀምራችሁ፣ መድኃኒት የሚሸከሙ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ዳታ ለምትተነትኑ ልጆች የምጽፈው ስለዚህ ዓይነቱ ዝምተኛ ስህተት ነው። ከዳታው ጫፍ ላይ መድኃኒት የሚጠብቅ ታማሚ አለና።

ዳታውን በኤክሴል «ላየው ብቻ» ብሎ መክፈት

ሴፕት2 የሚባል ጂን አለ። ፋይሉን በኤክሴል ስትከፍቱት ፕሮግራሙ ሴፕቴምበር 2 ይመስለውና ወደ ቀን ይቀይረዋል። ማርች1 የሚባለው ጂንም እንደዚያው ይሆናል። ሴቭ አድርጋችሁ ከዘጋችሁት የጂኑ ስም ጠፋ ማለት ነው። በ2016 የወጣ አንድ ፍተሻ፣ የጂን ዝርዝራቸውን በኤክሴል ካያያዙት ጥናቶች አንድ አምስተኛ ገደማ በሚሆኑት ላይ ይህን ስህተት አግኝቷል። በመጨረሻ የሰው ጂኖችን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ስሞቹን ለወጠ፤ በ2020 ይፋ እንዳደረገው ሴፕት2 ሴፕቲን2 ሆነ። የቆዩ ፋይሎች ግን አሁንም የድሮውን ስም ይዘዋል። ጥሬውን ፋይል ማንም እንዳይጽፍበት ቆልፉት። በአር ወይም በፓይተን የኮድ ቋንቋ አንብቡት። የግድ ኤክሴል ካስፈለገ ስታስገቡት ዓምዱ «ጽሑፍ» ይሁን።

ሙከራው ካለቀ በኋላ መምጣት

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስድስት ናሙና አለ እንበል። ሦስቱ ቅንጣት የተሰጣቸው ሴሎች ናቸው፣ ሦስቱ ያልተሰጣቸው። ያልተሰጣቸው ሰኞ ተሠሩ፣ የተሰጣቸው ሐሙስ። ግራፉ ላይ ሁለቱ ወገኖች ግራና ቀኝ ተለይተው ቁጭ ይላሉ። ደስ ይላል። ግን የለያቸው ቅንጣቱ ነው ወይስ ቀኑ? ሐሙስ ዕለት አዲስ የኬሚካል እሽግ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው ሠርቶት ሊሆን ይችላል። ቀኑና ሕክምናው እንዲህ ከተጣበቁ የሚለያያቸው ሶፍትዌር የለም። የትኛውም የማስተካከያ ዘዴ ቢሞከር ወይ ሁለቱንም ያጠፋል፣ ወይ ሁለቱንም ይተዋል።

ስለዚህ ናሙና ከመነካቱ በፊት ላብ ካሉት ሰዎች ጋር ተቀመጡ። በየቀኑ ከሁለቱም ወገን እንዲሠራ ጠይቁ። ቀኑ፣ የእሽጉ ቁጥር፣ የሠራው ሰው ይመዝገብ። «እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነኝ፣ ያ የላብ ሰዎች ጉዳይ ነው» ማለት አያዋጣም።

እዚሁ ላይ ልጨምር፦ ከአንድ ብልቃጥ ተቀድተው ሦስት ቦታ የተከፈሉ ሴሎች ሦስት ናሙና አይደሉም። አንዱ ናሙና ሦስት ጊዜ ተለካ እንጂ።

ፒ ከ0.05 ካነሰ በቃ ማለት

የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚሠሩ ወደ 20,000 የሚጠጉ ጂኖች አሉት። ፒ ማለት ቅንጣቱ ምንም ባያደርግ እንኳ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ ነው። ሁሉንም ብትፈትኑ፣ ቅንጣቱ ምንም ባያደርግ እንኳ የ1,000 ያህሉ ፒ በአጋጣሚ ብቻ ከ0.05 በታች ይወርዳል። ከእነዚህ መሐል ከካንሰር ጋር ስሙ የሚነሳ ጂን አይጠፋም፤ ሰው ደግሞ ከአጋጣሚ ታሪክ መፈልሰፍ ይወዳል። ለዚህ የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ቤንጃሚኒና ሆክበርግ በ1995 ያወጡት ማስተካከያ በየፓኬጁ ውስጥ አለ። የምታዩት የተስተካከለውን ዓምድ ይሁን።

«መጠን» የሚለውን ዓምድ እንዳለ ማመን

ከብዙ ጥናቶች ዳታ ለቃቅማችሁ ሞዴል ልታሠለጥኑ ነው። ሰንጠረዡ «100 ናኖሜትር» ይላል። በምን ተለካ? ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የደረቀውን ቅንጣት ነው። በብርሃን ብተና የሚለካው ደግሞ ፈሳሽ ውስጥ ከነሽፋኑ የሚንቀሳቀሰው ነው። ሁለቱን አንድ ዓምድ ውስጥ መጨመር ክብደትና ቁመትን እንደመደባለቅ ባይሆንም ሞዴሉን ያደናግራል። በዚያ ላይ በዚህ መጠን የሚበተነው ብርሃን በግምት የዲያሜትሩን ስድስተኛ ፓወር ይከተላል። አንድ የ100 ናኖሜትር ቅንጣት ከአንድ የ10 ናኖሜትር ቅንጣት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ብርሃን ይበትናል ማለት ነው። ጥቂት የተጓጎሉ ቅንጣቶች የቀረውን ሁሉ ይጋርዱታል።

ቅንጣቱ ደም ውስጥ ሲገባ ደግሞ ፕሮቲኖች ይለጠፉበታል። ሴሉ የሚያገኘው ያንን ልባስ ነው። ልባሱ ሁልጊዜ እንቅፋት አይደለም። በ2018 የጸደቀው፣ በስብ ቅንጣት የሚጓዘው ፓቲሲራን የተባለ መድኃኒት ጉበት የሚደርሰው፣ አፖኢ የሚባል የደም ፕሮቲን በስብ ቅንጣቱ ላይ ስለሚለጠፍና የጉበት ሴሎችም እሱን አውቀው ስለሚያስገቡት ነው። በውሃ ውስጥ የተለካ ቁጥር ይህን ሁሉ አይነግራችሁም።

ቅንጣቱ ዕጢው ጋ ይደርሳል ብሎ መነሳት

በ1986 ተመራማሪዎቹ ማትሱሙራና ማዬዳ ትልልቅ ሞለኪውሎች በዕጢ ውስጥ እንደሚጠራቀሙ አሳዩ፤ የዕጢ ደም ሥሮች ያፈስሳሉና። ብዙ ተስፋ በዚህ ላይ ተገነባ። በ2016 የወጣ፣ የአሥር ዓመት ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ ግን ከተወጋው መጠን ዕጢው ጋ የደረሰው በሚዲያን (በመካከለኛው ዋጋ) 0.7 በመቶ ብቻ መሆኑን አገኘ። ብዙው ጉበትና ጣፊያ ይቀራል። በ1995 በአሜሪካ የጸደቀው፣ በስብ ቅንጣት የታሸገው የካንሰር መድኃኒት ዶክሲል እንኳ በይበልጥ የሚታወቀው መድኃኒቱ ልብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በመቀነሱ ነው። ስለ ዕጢው ብቻ የሚተነብይ ሞዴል እንግዲህ አብዛኛው መድኃኒት የት እንደገባ አያውቅም።

ፈተናውን ከመልሱ ጋር መስጠት

40 ቅንጣቶች አሉ፣ እያንዳንዱ በ5 የተለያየ ዶዝ ተሞክሯል። 200 ረድፍ ሆነ። ረድፎቹን በዕጣ ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ብትከፍሉ ያው ቅንጣት በሁለቱም በኩል ይገባል። ሞዴሉ ቅንጣቱን ያስታውሳል፣ ውጤቱም ያምራል። አዲስ ቅንጣት ሲመጣ ግን ግራ ይገባዋል። በረድፍ ሳይሆን በቅንጣት፣ ሲቻልም በጥናት ክፈሉ። ጠቃሚ ዓምዶችን የመምረጡ ሥራም ከክፍፍሉ በኋላ፣ በማሠልጠኛው ላይ ብቻ ይሠራ።

ትንንሾቹንም አትርሱ። ማመሳከሪያ ያደረጋችሁት የሰው ጂኖም ቅጂ የ2009ኙ ነው የ2013ቱ? ፋይሉ በጂኖሙ ላይ ያሉ ቦታዎችን መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ነው ከ1? የፕሮግራሞቹን ቅጂ ቁጥር ጽፋችኋል?

አለመጠየቅ

ጀማሪ ሳለሁ ከሌሎቹ የራቀ አንድ ናሙና ነበረኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮዱን ፈተሽኩ። የተለያየ ማስተካከያ ሞከርኩ። በመጨረሻ ናሙናውን ያዘጋጀችውን ልጅ ጠየቅኋት። «እሱ? ያን ዕለት ፍሪጁ ጠፍቶ ነበር እኮ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ» አለችኝ። ደብተሩ ከጠረጴዛዬ አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር።